ለባሕር ዳርቻ የሸራ ጉዞ የሚሆን ባይኖኩላር አመራረጥ፦ ከቁጥሩ ንባብ እስከ መጀመሪያው የሌሊት ጉዞ

በሸራ ጀልባ ዳርቻ ዳርቻውን የሚጓዙ ሰዎች ባይኖኩላር ገዝተው ሲቆጩ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስሕተታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመው 10 ወይም 12 እጥፍ የሚያቀርበውን ያነሳሉ፤ በመስኮት ሩቅ ያለ ሕንፃ ያያሉ፤ ይደነቁና ይከፍላሉ። ባሕር ላይ ሲወጡ ግን ምስሉ ይዘላል። ቁጥሩን ሊያነቡለት የፈለጉት ተንሳፋፊ ምልክት ከዓይናቸው ይሸሻል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ሆዳቸው ይታወካል። ዕቃው ተሰቅሎ ይቀራል፤ በሚያስፈልግበት ሰዓትም የሚያነሳው የለም።

የሱቁ ወለል አይናወጥም፣ ጀልባ ይናወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚነሱ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን ጠብቁ፤ በተለይ ደረጃ 4ን ሳታደርጉ ገንዘብ አትክፈሉ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ አጠቃቀማችሁን ወስኑ

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ መልሱ።

1. በሌሊት ወይም ጎህ ሳይቀድ ትጓዛላችሁ? ከሆነ ብዙ ብርሃን የሚሰበስብ ትልቅ የፊት ሌንስ ያስፈልጋችኋል።
2. ባይኖኩላሩን የሚይዘው ማን ነው? መሪውን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው የሚያይ ሰው ከሆነ ክብደት ወሳኝ ነው። ሙሉ መጠን ያለው የባሕር ባይኖኩላር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንዳንዱም ከዚያ ያልፋል።
3. የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው አለ? ካለ ደረጃ 3 ላይ ያለው የዓይን ርቀት ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

መልሱን የራሳችሁን ብቻ አታድርጉት። ጀልባው ላይ አብረዋችሁ የሚቆሙት ሰዎችም በዚያው ዕቃ ያያሉ።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ

እያንዳንዱ ባይኖኩላር ላይ እንደ 7×50 ያለ ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ምስሉን ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል። ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር።

*የመጀመሪያው ቁጥር፦ ከ7 አትለፉ*

ባይኖኩላር ምስሉን ሲያጎላ መንቀጥቀጡንም በዚያው ልክ ያጎላል። እጃችሁ፣ የልብ ምታችሁ፣ የሞተሩ ንዝረትና የሞገዱ ምት ሁሉ በ7 ይባዛሉ፤ 10 እጥፍ ከሆነ ደግሞ በ10። የብስ ላይ ቆሞ 10 እጥፍን መያዝ ይቻላል። በትንሽ ጀልባ ላይ ግን ከ7 ወይም ከ8 በላይ ሲሆን የሚጨመረው ማጉላት በንቅናቄው ይበላል፤ በ7 እጥፍ የምታነቡትን ቁጥር በ10 እጥፍ ላታነቡት ትችላላችሁ።

ሌላም ጉዳት አለ፤ ማጉላቱ ሲጨምር የእይታው ስፋት ይጠባል። ጥሩ 7×50 ባይኖኩላር 7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያሳያል፤ ይህም በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 130 ሜትር ያህል ስፋት ማለት ነው። ጀልባው ሲንገዳገድ የምትፈልጉት ነገር ከክቡ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ይህ ስፋት ነው።

*ሁለተኛው ቁጥር፦ ለመጀመሪያው አካፍሉት*

50ን ለ7 ስታካፍሉ 7.1 ይመጣል። ይህ በዓይን በኩል የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። በጨለማ ውስጥ የወጣት ሰው የዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ስለዚህ 7×50 ለሌሊት የሚበቃውን ብርሃን ሁሉ ይሰጠዋል። 10×50 ግን የሚያወጣው 5 ሚሊ ሜትር፣ 8×42 ደግሞ 5.25 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ብሌኔም 7 ሚሊ ሜትር አይከፈትም፤ ታዲያ 50 ሚሊ ሜትር ለምን ልሸከም?» ይላል። እውነት ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ብሌን የሚከፈትበት ልክ ይቀንሳል። ቀን ላይማ ለማንም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኔ ግን አሁንም 7×50ን እመክራለሁ፤ ምክንያቴ ብርሃኑ ብቻ አይደለም። የብርሃን ክቡ ሰፊ ሲሆን ጀልባው አናውጦ ዓይናችሁን ከመሃል ትንሽ ቢያወጣውም ምስሉ አይጠፋም። ክቡ ጠባብ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ሞገድ ጥቁር ጥላ እየመጣ ምስሉን ይሸፍነዋል።

በቀን ብቻ የምትጓዙና ጀልባችሁ ትንሽ ከሆነ 7×30 ተቀባይነት አለው፤ ክብደቱ ከ7×50 ግማሽ ገደማ ነው፣ የብርሃን ክቡም 4.3 ሚሊ ሜትር ነው። ለሌሊት ግን አትተማመኑበት።

ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን አትግዙ

- *ማጉላቱ የሚቀያየር (ዙም)።* የእይታ ስፋቱ ጠባብ ነው፤ ብዙ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስላለው ውሃ ለመከላከል ያስቸግራል፤ የባይኖኩላሩ ሁለት ዓይኖችም (ሁለቱ በርሜሎች) በቀላሉ ይዛነፋሉ።
- *የፊት ሌንሱ እንደ ሩቢ ቀይ የሚያንጸባርቅ።* ቀዩ ብርሃን ወደ ዓይናችሁ እንዳይገባ ይመልሰዋል። ባሕር ላይ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሕይወት ጉዳይ ነው። የመርከብ ግራ ጎን መብራት ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ መርከቡ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ቀዩን የሚያደበዝዝ ባይኖኩላር ይህን ይደብቃችኋል።
- *የፊት ሌንሱን ስፋት ያልጻፈ።* ማካፈል ካልቻላችሁ መመዘን አትችሉም።

ደረጃ 3፦ የባሕር የሚያሰኘውን አረጋግጡ

*ውሃ የማያስገባ መሆኑ።* «ውሃ ይቋቋማል» የሚል ጽሑፍ አይበቃም፤ ጠብታ መቋቋም ማለት ሊሆን ይችላል። አይፒኤክስ 7 የሚል ደረጃ ፈልጉ፤ 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን የተሞላ መሆኑንም ጠይቁ። ደረቅ ጋዝ ካልተሞላ በውስጡ ያለው እርጥበት ቅዝቃዜ ሲያገኘው ሌንሱን ከውስጥ በጉም ይሸፍናል፤ ያን ጉም በጨርቅ አትደርሱበትም።

*የፎከስ ዓይነት።* ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በመሃል ባለ ጎማ ሁለቱንም ዓይን አንድ ላይ ያስተካክላል። ሌላው እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው ነው፤ አንድ ጊዜ ካስተካከላችሁት በኋላ ከ20 ወይም ከ30 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ለባሕር ሁለተኛውን ምረጡ። ባሕር ላይ የምታዩት ሁሉ ሩቅ ነው፤ በጓንት ጣት ጎማ ማሽከርከር አያስፈልጋችሁም፤ ተንቀሳቃሽ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ውሃ የማስገባት ዕድሉም ይቀንሳል። ጉዳቱ አንድ ነው፦ ሰው በተለዋወጠ ቁጥር እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። መፍትሔውን ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

*ሌንስና ፕሪዝም።* ሁሉም የመስታወት ገጽ ብዙ ድርብ ፀረ ነጸብራቅ ቅብ የተቀባ መሆን አለበት። «የተቀባ» ብቻ ከተባለ አንድ ገጽ ብቻ ሊሆን ይችላል። የፕሪዝሙ (በውስጡ ብርሃኑን የሚያጥፈው ክፍል) መስታወት ባክ 4 የተባለው ቢሆን ይመረጣል፤ ቢኬ 7 የተባለው የብርሃን ክቡን ጠርዝ ያደበዝዘዋል። ሻጩ የሚለውን አትጠብቁ፤ ደረጃ 4 ላይ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

*የዓይን ርቀት።* ሙሉውን ክብ ለማየት ዓይን ከሌንሱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል የሚገልጽ ቁጥር ነው። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ከ15 ሚሊ ሜትር በታች አይሆንም፤ 18 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል። ቅርብ ወይም ሩቅ ብቻ የሚያስቸግረው ሰው መነጽሩን አውልቆ በፎከሱ ማስተካከል ይችላል፤ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛባት) ያለበት ግን አይችልም። በሚናወጥ ጀልባ ላይ መነጽር እያወለቁ ማድረግ ራሱ መነጽር የሚያስጠፋ ነገር ስለሆነ ከነመነጽራችሁ የሚያሳያችሁን ፈልጉ።

*ኮምፓስ ያለው ይሁን?* ከቻላችሁ አዎ። በጭነትም ሆነ በዓሣ አጥማጅ መርከብ መንገድ አጠገብ ለሚያልፍ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠቅም ተጨማሪ ነገር ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ እንደሚለው፣ እየቀረበ ያለ መርከብ የኮምፓስ አቅጣጫው ጉልህ ሆኖ ካልተለወጠ የመጋጨት አደጋ አለ ተብሎ ይወሰዳል። ኮምፓስ ባለው ባይኖኩላር መርከቡን እያያችሁ የአቅጣጫውን ቁጥር ታነባላችሁ፤ በየሁለት ደቂቃው ደግማችሁ ታነባላችሁ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግጭቱን ለማስቀረት በደንቡ መሠረት እርምጃ ውሰዱ።

ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። የኮምፓሱ ካርድ (ቁጥሮቹ የተጻፉበት ክብ) በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍና ቶሎ የሚረጋ ይሁን፤ ለሌሊት የሚበራ ይሁን፤ ለምትጓዙበት የምድር ንፍቀ ክበብ የተመዘነ ይሁን። ለሰሜን የተሠራ ኮምፓስ ወደ ደቡብ ርቆ ሲሄድ ካርዱ አዘንብሎ ሊተሻሽ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ ፈትኑት

ከተቻለ ከሱቁ በር ውጡ። ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

1. የብርሃን ክቡን እዩ። ባይኖኩላሩን በክንድ ርቀት ያዙት፣ ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሩት (ወደ ፀሐይ በፍጹም አይሁን)፣ የዓይን ሌንሶቹን ተመልከቱ። ሁለት ብሩህ ክቦች ታያላችሁ። ድፍን ክብ ከሆኑ ጥሩ ነው። ጠርዛቸው ተቆርጦ አራት ማዕዘን የሚመስሉ ወይም ግራጫ ጥላ ያለባቸው ከሆኑ ፕሪዝሙ ደካማ ነው። በማስመሪያ ለኩት፤ 7×50 ተብሎ ክቡ ከ7 ሚሊ ሜትር በግልጽ ካነሰ የፊት ሌንሱ ሙሉ በሙሉ እየሠራ አይደለም።
2. ቅቡን እዩ። የመብራት ነጸብራቅ በፊት ሌንሱ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነጸብራቅ ጥሩ ምልክት ነው። ነጭና ደማቅ ነጸብራቅ ካያችሁ ያ ገጽ አልተቀባም።
3. ሁለቱ ዓይኖች መስማማታቸውን ፈትኑ። የሩቅ ጣሪያ አግድም መስመር ላይ አነጣጥሩ። አሁን ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ ቀስ ብላችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። በሁለቱም ክብ ውስጥ መስመሩ በአንድ ከፍታ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ዕቃው ተዛንፏል፤ አትግዙት። ዓይን ለጥቂት ሰኮንድ ያስተካክለዋል፤ ለሁለት ሰዓት ግን ራስ ምታት ይሆናል።
4. የጀልባውን ንቅናቄ አስመስሉ። በአንድ እግር ቁሙ፤ ወይም ባላችሁበት እየተራመዳችሁ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ለማንበብ ሞክሩ። የያዛችሁትን 7 እጥፍ ከ10 እጥፉ ጋር በዚህ መንገድ አወዳድሩ። ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው እዚህ ላይ ነው።
5. በአንድ እጅ ያዙት። ሠላሳ ሰኮንድ። ክንዳችሁ ከተንቀጠቀጠ ወደ 7×30 ውረዱ።
6. የአንገት ማንገቻውን ማያያዣ ጎትቱ። ላላ ያለ ወይም የሚሽከረከር ከሆነ ባሕር ውስጥ የሚቀረው በዚያ በኩል ነው።

*ያገለገለ ከሆነ* ከዚህ በተጨማሪ በትንሽ ባትሪ ከፊት ሌንሱ በኩል አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ የመስታወቱን ቅብ ስለሚበላ ዋጋው ምንም ያህል ዝቅ ቢል ተዉት።

ደረጃ 5፦ ለዓይናችሁ አስተካክሉት

ይህን የብስ ላይ ጨርሱ። ጀልባ ላይ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

1. ሁለቱን በርሜሎች እጠፉና ዘርጉ፤ ሁለቱ ክቦች አንድ ሲሆኑ አቁሙ። በማጠፊያው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ።
2. የዓይን ጎማውን አስተካክሉ። መነጽር ካላችሁ ዝቅ ይበል፣ ከሌላችሁ ከፍ ይበል።
3. ከ500 ሜትር በላይ የራቀ ነገር ምረጡ። የቀኙን የፊት ሌንስ በመዳፋችሁ ሸፍኑ። ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ ሲጨፈን ሌላኛውም ይጨነቃል።
4. የግራውን የዓይን ሌንስ እስከ መጨረሻው ወደ መደመር (+) ምልክቱ አዙሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ መቀነስ (−) መልሱ፤ ምስሉ ጥርት ባለበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ አቁሙ። አልፋችሁ ከሄዳችሁ ዓይናችሁ ራሱ እየታገለ ያስተካክለዋል፤ በኋላም ይደክማል።
5. ሦስት ጊዜ ድገሙት። ቁጥሩ ሦስቴም አንድ ከሆነ ትክክል ነው። በቀኙም እንዲሁ አድርጉ።
6. ቁጥሮቹን ውሃ በማያበላሸው ወረቀት ጽፋችሁ መያዣው ላይ ለጥፉ። የእያንዳንዱ ሰው ስም፣ የማጠፊያው ቁጥር፣ ግራ፣ ቀኝ። ተረኛ ሲለወጥ ሦስት ቁጥር አዙሮ ማየት ይጀምራል።

*ጥርት አልል ካለ፦* ከ30 ሜትር በታች ያለ ነገር እያያችሁ እንደሆነ ፈትሹ። ሩቁም ከደበዘዘ የዓይን ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ አጽዱ፤ የጣት ቅባት ከሁሉ በላይ የሚያታልል ነው። ከዚያም ካልሆነ ዕቃውን መልሱ።

ደረጃ 6፦ ጀልባ ላይ ተለማመዱ

መጀመሪያ ማንገቻውን አንገታችሁ ላይ አድርጉ፤ አጭር ይሁን፣ ደረታችሁ ላይ ይረፍ። ባይኖኩላሩ ራሱ የማይንሳፈፍ ከሆነ የሚያንሳፍፍ ማንገቻ ግዙለት።

ጀርባችሁን ለምሳሌ በጀልባው ክፍል ግድግዳ አስደግፉ፤ ጉልበታችሁን አላሉ፤ ክርናችሁን ከጎድናችሁ ጋር አጣብቁ። ወገባችሁ ከሞገዱ ጋር ይሂድ፣ ራሳችሁ ይርጋ። ነገሩን በመጀመሪያ በባዶ ዓይን ያዙት፤ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ አይታችሁ አውርዱት። ከዚህ በላይ ስትቆዩ የባሕር ሕመም ይጀምራችኋል፤ በዙሪያችሁ ያለውንም አታዩም።

*ኮምፓሱን ለማመሳከር* የምታውቁት ቦታ ላይ ቆማችሁ በባሕር ካርታው ላይ ያለ ግልጽ ምልክት አንብቡ፤ የአካባቢውን የመግነጢስ ልዩነት (በኮምፓስ ሰሜንና በእውነተኛው ሰሜን መካከል ያለውን) አስሉና ከካርታው ጋር አወዳድሩ። ካልተስማማ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ፣ የድምፅ ማጉያውን፣ የብረት ገመዶቹን ሽሹና እንደገና ሞክሩ። ከአንዱ ቦታ ልክ ሆኖ ከሌላው ከተሳሳተ ጥፋቱ የቦታው ነው፤ ልክ የሆነበትን ቦታ የዘወትር መቆሚያችሁ አድርጉት።

*የርቀት መለኪያ መስመር ካለው* ቀመሩ ይህ ነው፦ የነገሩ ቁመት በሜትር፣ ሲባዛ በ1000፣ ሲካፈል ለሚሉ (በመስመሩ ላይ ለሚነበበው የማዕዘን መለኪያ) ቁጥር። ቁመቱ 36 ሜትር የሆነ የመብራት ማማ 12 ሚል ከሸፈነ ርቀቱ 3000 ሜትር ነው፤ 1.6 የባሕር ማይል ገደማ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ካርታው ላይ የተጻፈው ቁመት እስከ መብራቱ እንጂ እስከ ማማው ጫፍ አይደለም፤ የሚቆጠረውም ባሕሩ ሲሞላ ካለው የውሃ ልክ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ማማው ከውሃው በላይ ረዝሞ ስለሚታይ ስሌቱ ከእውነቱ አቅርቦ ያሳያችኋል፤ ይህ ስሕተት ከዓለቱ ስለሚያርቃችሁ አይጎዳም። የሚጎዳው ተቃራኒው ነው። የማማው ሥር ከአድማስ በታች ተደብቆ ከሆነ ከእውነቱ ሩቅ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ብሎ ለሚያይ ዓይን አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው ማማውን የሚነካበትን መስመር ካላያችሁ አትለኩ።

ደረጃ 7፦ ምስል ስለሚያረጋው ዓይነት

በባትሪ እየሠራ ንቅናቄውን የሚያስተካክል ባይኖኩላር አለ፤ 12 ወይም 14 እጥፍን ባሕር ላይ ማንበብ የሚያስችል እሱ ብቻ ነው። ሆኖም የመጀመሪያና ብቸኛ ዕቃችሁ አታድርጉት። ባትሪው ሲያልቅ የሚዘል 12 እጥፍ ይሆናል። 12×36 የሚያወጣው የብርሃን ክብ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለሌሊትም ደካማ ነው። አንዳንዱም ጠብታ እንጂ ጥልቅ ውሃ አይችልም። 7×50 ካላችሁ በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ይምጣ።

ደረጃ 8፦ ጨው ሲነካው

የደረቀ ጨው ክሪስታል ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ስትጠርጉት ቅቡን ይቧጥጣል። ሁልጊዜ በመጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፣ ጨው ይሟሟ፣ ከዚያ በሌንስ ጨርቅ በትንሹ ንኩት። በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ።

ፀሐይ በቀጥታ በሚመታበት ቦታ አትተዉት። ከመውጫው አጠገብ በጥላ ያለ፣ እጅ በአንድ ጊዜ የሚደርስበት ክፍት መያዣ ይኑረው። ጉዞው ሲያበቃ ደርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ።

*ከውስጥ ጉም ከታየ፦* መዘጊያው ተበላሽቷል። ዋስትናው ካላለቀ መልሱት። ራሳችሁ አትፍቱት፤ ፕሪዝሞቹ ከቦታቸው ከተነሱ ሁለቱን ዓይኖች መልሶ ማስማማት መሣሪያ ይፈልጋል።

*ባሕር ውስጥ ወድቆ ከተገኘ፦* አትክፈቱት፣ በሙቀትም አታድርቁት። በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ የዓይን ሌንሶቹን በውሃው ውስጥ አታዙሩ፣ ካዞራችሁ ውሃ ይስባል። በጥላ አድርቁትና በማግስቱ በባትሪ ብርሃን ውስጡን እዩ። ንጹሕ ከሆነ የደረጃ 4ን ሦስተኛ ፈተና ድገሙበት፤ መውደቅ ውሃ ባያስገባውም ሊያዛንፈው ይችላል።